ፓይተን ወዴት እየሄደ ነው? በአማርኛ ጽሑፍ ለሚሠራ ሰውስ ምን ይለወጣል?

በዓለም ላይ በብዛት ከሚሠራባቸው የፕሮግራሚንግ ቋንቋዎች አንዱ የሆነው ፓይተን፣ 3.15 የሚባለውን ቨርዥኑን እ.ኤ.አ በኦክቶበር 2026 ለማውጣት ቀጠሮ ይዟል። ስለ ፓይተን የሚወራው ወሬ አብዛኛው ስለ ፍጥነት ነው። ግን በዚህ ቨርዥን ከሚገቡት ለውጦች አንዱ ስለ ፊደል ነው፤ ደሴም ሆነ ሐይቅ፣ ውጫሌም ሆነ አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ የአማርኛ ፋይል ለሚከፍት ጀማሪ ከፍጥነቱ በላይ የሚነካው ይሄኛው ነው።

ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ ከተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ጋር በትብብር የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም ብዙ ወጣት ወደ ኦንላይን ኮርስ አስገብቷል። ከሚሰጡት ኮርሶች ውስጥ ዳታ ሳይንስ እና አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ይገኙበታል፤ ሁለቱም ዘርፎች ደግሞ በዋናነት በፓይተን የሚሠራባቸው ናቸው። ስለዚህ ቋንቋው ወዴት እንደሚሄድ ማወቅ የፈረንጅ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ጊዜ ለሌለው ሰው ቁምነገሩ ይሄ ነው፦

👉 ከ3.15 ጀምሮ ፓይተን ፋይል ሲከፍት ሌላ ካልተነገረው በስተቀር በዩቲኤፍ-8 ያነባል፣ ይጽፋል። ዊንዶውስ ላይ አማርኛ ሲበላሽ ያየ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።
👉 ቋንቋው የኮምፒውተሩን ሁሉንም ኮር በአንድ ጊዜ ወደ መጠቀም እየሄደ ነው፤ ግን ቀስ ብሎ።
👉 አዳዲሶቹ ቨርዥኖች ዊንዶውስ 7 እና 8 ላይ አይጫኑም።
👉 “ሐይቅ”፣ “ሀይቅ” እና “ሃይቅ” አንድ ቃል መሆናቸውን ፓይተን አያውቅም፤ ወደፊትም አያውቅም። ያ የቤት ሥራ የእኛ ነው።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

◼ ፓይተን ከየት መጣ? ማንስ ይወስናል?

ፓይተንን የጀመረው ጊዶ ቫን ሮሱም የሚባል ሆላንዳዊ ነው። በ1989 መጨረሻ አምስተርዳም በሚገኝ የሒሳብና የኮምፒውተር ምርምር ተቋም ውስጥ ሲሠራ ጀመረው፣ በ1991 ለሕዝብ ለቀቀው። ስሙ ከእባቡ ሳይሆን “ሞንቲ ፓይተን” ከሚባል የእንግሊዝ የቀልድ ቡድን ነው የተወሰደው።

ለረጅም ዓመታት የመጨረሻ ቃል የእሱ ነበር። የቋንቋው ሰዎች በቀልድ “የዕድሜ ልክ ቸር አምባገነን” ይሉት ነበር። በ2018 ግን ፔፕ 572 በሚባል አንድ ሐሳብ ላይ የተነሳው ክርክር በጣም ከረረ። ጊዶ ሐሳቡን አጸደቀው፣ ብዙም ሳይቆይ ሐምሌ ላይ “በቃኝ” ብሎ ከወሳኝነት ወረደ። ተተኪም አልሾመም።

ከ2019 ጀምሮ ቋንቋውን የሚመራው አምስት ሰዎች ያሉት መሪ ምክር ቤት ነው። የሚመርጡት የቋንቋውን ኮድ የሚሠሩት ዋና ገንቢዎች ናቸው። ከአምስቱ ውስጥ ከሁለት በላይ የአንድ ድርጅት ተቀጣሪ መሆን አይችልም፤ አንድ ትልቅ ኩባንያ ቋንቋውን ጠቅልሎ እንዳይወስደው ነው።

“ፔፕ” የሚባለው የፓይተን ማሻሻያ ሐሳብ ነው። አንድ ሰው ለውጥ ሲፈልግ ችግሩን፣ መፍትሔውንና የሚያስከትለውን ጉዳት በጽሑፍ ያቀርባል፤ በግልጽ ክርክር ይደረግበታል፤ ከዚያ ይጸድቃል ወይም ይወድቃል። ይቺን ነገር ያዟት፤ የፊደሉ ታሪክ የሚያልፈው በዚህ በር ነው።

◼ ከ2 ወደ 3፦ አሥራ አንድ ዓመት የፈጀው ዝውውር

ፓይተን 3 የወጣው ታኅሣሥ 2008 ነው። ከፓይተን 2 ጋር ሆን ተብሎ እንዳይስማማ ተደርጎ ነው የተሠራው፤ የድሮው ኮድ አዲሱ ላይ እንዳለ አይሠራም ነበር። ከዋና ምክንያቶቹ አንዱ ጽሑፍ ነው።

ፓይተን 2 ላይ ተራ ጽሑፍ የሚቆጠረው በፊደል ሳይሆን በባይት ነበር። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ይይዛል። ስለዚህ “ሐይቅ” የሚለው ቃል ስንት ፊደል ነው ብትሉት “9” ይላችኋል። ፓይተን 3 ግን “3” ይላል። ቃሉን ከመሃል ቁረጥ ብትሉት ድሮ ፊደሉን ለሁለት ሰንጥቆ ያበላሸዋል፣ አሁን ግን በትክክል በፊደሎቹ መካከል ይቆርጣል። እንዲያውም ፓይተን 3 ላይ የቫሪያብል ስም ራሱ በአማርኛ መጻፍ ይቻላል፤ “ዋጋ”፣ “ብዛት”፣ “ድምር” ብላችሁ ብትሰይሙ ያለ ችግር ይሠራል።

ዝውውሩ ግን መከራ ነበር። ኩባንያዎች የድሮ ኮዳቸውን መቀየር አልፈለጉም። ፓይተን 2 በይፋ የተዘጋው ጃንዋሪ 1 ቀን 2020 ነው፤ ፓይተን 3 ከወጣ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ መሪዎቹ አንድ ነገር ተማሩ፦ ትልቅ ስብራት ዳግም እንዳይኖር። ለዚህ ነው “ፓይተን 4” የሚባል እቅድ የሌለው። ይልቁንም በየዓመቱ ኦክቶበር ላይ አንድ ቨርዥን ይወጣል፣ እያንዳንዱ ቨርዥን አምስት ዓመት ድጋፍ ይሰጠዋል፣ ለውጡም በትንሽ በትንሹ ይገባል።

◼ “ሐይቅ” ብሎ የጻፈ ኢረር ያያል፣ “ሀይቅ” ብሎ የጻፈ የባሰ ያያል

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ።

ፓይተን 3 ጽሑፍን በውስጡ በትክክል ይይዛል ብለናል። ችግሩ ግን በሩ ላይ ነው፤ ማለትም ከፋይል ሲያነብና ወደ ፋይል ሲጽፍ። ኢንኮዲንጉን ካልነገራችሁት እስከ 3.14 ድረስ ኮምፒውተሩን ነው የሚጠይቀው። ሊኑክስና ማክ “ዩቲኤፍ-8” ብለው ይመልሳሉ። እንግሊዝኛ ላይ የተስተካከለ ዊንዶውስ ግን፣ ማለትም እኛ አገር አብዛኛው ሰው እጅ ላይ ያለው፣ “ዊንዶውስ-1252” ይላል። ይሄ ለምዕራብ አውሮፓ ቋንቋዎች የተሠራ የድሮ ሰንጠረዥ ነው። በውስጡ አንድም የግዕዝ ፊደል የለም።

ውጤቱን በከተማችን ስም እንየው። በዩቲኤፍ-8 የተቀመጠ ፋይል ውስጥ “ሐይቅ” የሚል ቃል አለ እንበል። የ“ሐ” ሦስት ባይቶች 225፣ 136 እና 144 ናቸው። በዊንዶውስ-1252 ሰንጠረዥ 144ኛው ቦታ ባዶ ነው። ስለዚህ ፓይተን እዚያ ሲደርስ ይቆማል፤ “ይሄን ባይት ማንበብ አልቻልኩም” የሚል ቀይ ኢረር ያወጣል።

አሁን ደግሞ ያው ፋይል “ሀይቅ” ቢልስ? የ“ሀ” ባይቶች 225፣ 136 እና 128 ናቸው። 128ኛው ቦታ ላይ የዩሮ ምልክት አለ። ስለዚህ ፓይተን ምንም ኢረር ሳያወጣ ያልፋል፤ የሚያስነብባችሁ ግን የላቲን ፊደልና ምልክት ድብልቅልቅ ነው። ይሄኛው የባሰ ነው። ኢረር ቢያንስ ያስቆማል። ዝም ብሎ ያለፈ ብልሽት ግን ዳታቤዝ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፣ ከወራት በኋላ ነው የሚገኘው።

ሲጽፍ ደግሞ ሌላ ጉዳት አለ። ነባር ፋይልን “እንደ አዲስ ጻፍበት” ብላችሁ ስትከፍቱ ፓይተን መጀመሪያ የነበረውን ያጠፋዋል፣ ከዚያ ነው መጻፍ የሚጀምረው። የመጀመሪያው የአማርኛ ፊደል ላይ ሲደርስ ሰንጠረዡ ውስጥ ስለሌለ ኢረር ያወጣል። አዲሱ አልተጻፈም፤ አሮጌውም የለም። የስም ዝርዝር ወይም የሱቅ ሒሳብ የነበረበት ፋይል ከሆነ አስቡት።

ጀማሪ ተማሪ ይሄ ሲያጋጥመው ራሱን ነው የሚጠራጠረው። ኮርሱ ላይ ያለው ምሳሌ ሁሉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ በትክክል ይሠራል። የራሱን ቋንቋ ሲያስገባ ይፈርሳል። መደምደሚያው ብዙ ጊዜ “በአማርኛ ፕሮግራም አይሠራም” ይሆናል። ይሠራል! የጎደለው ፋይሉ ሲከፈት ኢንኮዲንጉ ዩቲኤፍ-8 መሆኑን የሚናገር አንዲት ቃል ነበረች።

3.15 ይሄን ነው የሚቀይረው። ሐሳቡ ፔፕ 686 ይባላል። ያቀረበው ኢናዳ ናኦኪ የሚባል ጃፓናዊ የፓይተን ገንቢ ነው፤ የጸደቀው በ2022። ያኔ “3.15 ሲመጣ ይገባል” ተብሎ ተቀጠረ፤ የአራት ዓመት ማስጠንቀቂያ መሆኑ ነው። ከዚያ በፊትም መንገዱ ተጠርጓል፦ በ2018 በወጣው 3.7 ላይ ዩቲኤፍ-8ን በፈቃደኝነት ማብራት ተቻለ፣ በ2021 በወጣው 3.10 ላይ ደግሞ ኢንኮዲንግ ያልተጻፈበትን ቦታ እየጠቆመ የሚያስጠነቅቅ አማራጭ መጣ።

የጃፓንኛ ፊደልም እንደኛው በላቲን ሰንጠረዥ አይገባም። የላቲን ፊደል ብቻ የሚጠቀም ሰው ችግሩን በየቀኑ አያየውም። ያየው ሰው ነው በጽሑፍ ያቀረበው፣ እኛም ተጠቃሚ ልንሆን ነው።

⚠️ ግን 3.15 የማይፈታቸው ነገሮች አሉ፦

▪️ ድሮ በቪዥዋል ግዕዝ እና በመሳሰሉት የተጻፉ ፋይሎች። እነዚያ ውስጣቸው የላቲን ኮድ ሆኖ ፎንቱ ነው አማርኛ የሚያስመስላቸው። መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ መቀየር አለባቸው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ነው።
▪️ ከኤክሴል በተራው “ሲኤስቪ” የተቀመጠ አማርኛ። ኤክሴል ራሱ ፊደሉን ወደ ጥያቄ ምልክት ቀይሮት ነው የሚያስቀምጠው፤ ከዚያ በኋላ ማንም አይመልሰውም። ሲቀመጥ “ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8” የሚለውን ምረጡ።

◼ ፍጥነት፦ አራት ወፍጮ፣ አንድ ቁልፍ

አሁን ብዙ ወደሚወራለት ነገር።

ፓይተን ለመማር ቀላል ነው፤ ለመሮጥ ግን ዘገምተኛ ነው። አንዱ ምክንያት “ጊል” የሚባለው ቁልፍ ነው። አራት ወፍጮ ያለው ወፍጮ ቤት አስቡ፤ ግን የማስነሻ ቁልፉ አንድ ብቻ ነው። እህል ይዞ የተሰለፈው ሰው ብዙ ነው፣ ወፍጮም አለ፣ በአንድ ጊዜ የሚፈጨው ግን ቁልፉን የያዘው ብቻ ነው። ፓይተንም እንዲሁ ነው፤ ኮምፒውተሩ አራት ኮር ቢኖረውም በአንድ ፕሮግራም ውስጥ በአንድ ጊዜ የፓይተን ኮድ የሚያስኬደው አንዱ ብቻ ነው።

ሳም ግሮስ የሚባል የሜታ ኢንጂነር ቁልፉን ማንሳት እንደሚቻል አሳየ። ሐሳቡ (ፔፕ 703) በ2023 ጸደቀ። አካሄዱ በሦስት ደረጃ ነው፦ መጀመሪያ ሙከራ፣ ቀጥሎ በይፋ የሚደገፍ አማራጭ፣ በመጨረሻ መደበኛው መሆን። ኦክቶበር 2024 የወጣው 3.13 የሙከራው ነበር፤ ቁልፍ አልባው ዓይነት ነጠላ ሥራ ሲሠራ 40 በመቶ ገደማ ይዘገይ ነበር። ኦክቶበር 2025 የወጣው 3.14 ላይ መዘግየቱ ወደ 5–10 በመቶ ወረደና ሁለተኛው ደረጃ ላይ ደረሰ፤ በይፋ ይደገፋል፣ ግን መደበኛው አይደለም። ሦስተኛው ደረጃ ቀን አልተቆረጠለትም።

ሌላው “ጂት” ነው፤ ፕሮግራሙ እየሮጠ እያለ ደጋግሞ የሚሠራውን ክፍል ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይር ዘዴ። እሱም ገና ሙከራ ላይ ነው። ከሁሉም በፊት ግን 2022 ላይ የወጣው 3.11 ብቻውን ከ3.10 በአማካይ 25 በመቶ ያህል ፈጥኗል።

3.15 ላይ ደግሞ “ሰነፍ ኢምፖርት” የሚባል ይገባል (ፔፕ 810)። አንድ ፕሮግራም ሲነሳ የሚያስፈልጉትን ላይብረሪዎች ሁሉ በአንዴ ከመጫን ይልቅ፣ “ይሄ ሲፈለግ ብቻ ይጫን” ማለት ይቻላል። ትንሽ ራም ባለው ላፕቶፕ ለሚሠራ ሰው ከቁልፉ መነሳት ይልቅ ይሄኛው ቶሎ ሊሰማው ይችላል።

◼ ወጪው የማን ነው?

ቋንቋው ነፃ ነው፤ ሥራው ግን ነፃ አይደለም። የፍጥነቱን ሥራ በዋናነት ይደግፍ የነበረው ማይክሮሶፍት ነው፤ ጊዶም በ2020 እዚያው ገብቶ ነበር። በሜይ 2025 ግን ኩባንያው ሠራተኛ ሲቀንስ የዚህ ቡድን አባላትም ተቀነሱ። ሥራውን ሌሎች ገንቢዎችና በጎ ፈቃደኞች ይዘው ቀጥለዋል። በዚያው ዓመት የፓይተን ሶፍትዌር ፋውንዴሽን ከአሜሪካ መንግሥት የሳይንስ ፋውንዴሽን ጠይቆት የነበረውን 1.5 ሚሊዮን ዶላር፣ ከብዝኃነትና አካታችነት ሥራው ጋር የሚጋጭ ቅድመ ሁኔታ ስለነበረበት ጥያቄውን አንስቶ ትቶታል።

ለኛ የሚነግረን ነገር አለ፤ “ፓይተን ትልቅ ስለሆነ ሁሉም ነገር በራሱ ይስተካከላል” ማለት አይቻልም። የሚስተካከለው አንድ ሰው ተቀምጦ ሲሠራው ነው።

◼ አሮጌ ላፕቶፕ ያለው ምን ያድርግ?

ፓይተን ማይክሮሶፍት የተወውን ዊንዶውስ እሱም ይተወዋል። ዊንዶውስ 7 ላይ የሚጫነው የመጨረሻው ፓይተን 3.8 ነው። ለዊንዶውስ 8.1 የመጨረሻው 3.12 ነው። ከ3.13 ጀምሮ ዊንዶውስ 10 ግድ ይላል። ስለዚህ የፊደሉ ለውጥ በጣም የሚጠቅመው፣ በሁለተኛ እጅ ላፕቶፕ የሚማረው ልጅ፣ ለውጡ ላይደርሰው ይችላል። አማራጮቹ እነዚህ ናቸው፦

✅ ላፕቶፑ ለዊንዶውስ 10 የማይበቃ ከሆነ ቀለል ያለ ሊኑክስ መጫን። ነፃ ነው፣ አዲስ ፓይተን ይቀበላል፣ ዩቲኤፍ-8 ደግሞ ድሮም አለው።
✅ በስልክ መማር። አንድሮይድ ላይ ፓይተንን የሚያሠሩ እንደ ፓይድሮይድ 3 ያሉ አፖች አሉ። ፓይተን ራሱም ከ3.13 ጀምሮ አንድሮይድን በይፋ ከሚደግፋቸው ሲስተሞች ውስጥ አስገብቷል።
✅ ኢንተርኔት ካለ ጉግል ኮላብ። ኮዱ የሚሠራው እነሱ ኮምፒውተር ላይ ስለሆነ የናንተ ማርጀት ለውጥ የለውም።
✅ በየትኛውም ቨርዥን ቢሆን፣ ፋይል በከፈታችሁ ቁጥር ኢንኮዲንጉን “ዩቲኤፍ-8” ብላችሁ ጻፉ። 3.15 ከመጣ በኋላም ጻፉት፤ ኮዳችሁ የሌላ ሰው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ሊሄድ ይችላል።
✅ አዲስ ለሚጀምር 3.14 ጥሩ ነው። አንድ የምትፈልጉት ላይብረሪ ገና ካልደረሰበት 3.13 ወይም 3.12። ቁልፍ አልባውን ዓይነት ለጊዜው ተዉት።

◼ ፓይተን የማይሠራልን

ፊደሉ በትክክል ተነበበ እንበል። ከዚያስ?

“ፀሐይ” የሚለውን ስም ውሰዱ። “ፀ” እና “ጸ” አሉ። “ሐ” ደግሞ በ“ሀ”፣ “ሃ”፣ “ሓ”፣ “ኀ” ወይም “ኃ” ሊጻፍ ይችላል። ሁለት ጊዜ ስድስት፣ አሥራ ሁለት አጻጻፍ ማለት ነው። ሲነበብ ሁሉም አንድ ነው፣ ለኮምፒውተር ግን አሥራ ሁለት የተለያየ ሰው ነው። ጤና ጣቢያ ካርድ ሲፈለግ፣ የትምህርት ቤት ሮስተር ከሌላ ሮስተር ጋር ሲመሳከር “የለችም” ተብላ ትመለሳለች። ስለ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሚፈልግ ተመራማሪም “ሀይቅ” ብሎ ከፈለገ በ“ሐ” የተጻፈው ሊያመልጠው ይችላል። ዩኒኮድም ሆነ ፓይተን እነዚህን ፊደሎች አንድ አያደርጓቸውም፤ ማድረግም የለባቸውም። “ሠዓሊ” ሥዕል የሚሥል ነው፤ “ሰአሊ” ግን “ለምኚ” ማለት ነው።

በዚህ ላይ የሚሠሩ ሰዎች አሉ፤ ከመካከላቸው ከዚሁ ከጎረቤታችን ኮምቦልቻ የተነሳ ሥራ አለ። የወሎ ዩኒቨርሲቲው ታደሰ ደስታው በላይ ከጀርመኑ የሀምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ሰኢድ ሙሄ ይማምና ከሌሎች ጋር ሆነው ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደሎች ወደ አንድ ማምጣት ምን ለውጥ እንዳለው አጥንተዋል። በ2022 ያቀረቡት ጥናት ይሄን ማድረግ የአማርኛና የእንግሊዝኛ የማሽን ትርጉምን በሁለቱም አቅጣጫ እንዳሻሻለ አሳይቷል። የአማርኛን ግስ እስከ ሥሩ የሚተነትነው ሆርንሞርፎ የተባለው የማይክል ጋሰር ፕሮግራምም በፓይተን ነው የተጻፈው።

ለሚሠራ ሰው የሚመከረው ቀላል ነው፦ ዋናውን ጽሑፍ እንደተጻፈ አስቀምጡት፣ አትንኩት። ከጎኑ ለፍለጋ ብቻ የሚሆን ሌላ ቅጂ ያዙ፤ “ሐ”ም “ኀ”ም ወደ “ሀ”፣ “ሠ” ወደ “ሰ”፣ “ዐ” ወደ “አ”፣ “ፀ” ወደ “ጸ” የተመለሰበት። ሲፈለግ በቅጂው ይፈለግ፣ ሲታይ ዋናው ይታይ። ስሟን ባለቤቷ እንደጻፈችው ታየዋለች፣ ፈላጊም ያገኛታል። ጥቂት መስመር ኮድ ነው፤ ጀማሪም ይችለዋል።

የፋይሉን በር 3.15 ይከፍታል። ከበሩ በኋላ ያለውን ግን ጃፓናዊው ሊሠራልን አይችልም፤ “ሀ”ንና “ሐ”ን የሚያውቅ ሰው ነው የሚሠራው።

📌 ፓይተን እየተማረ ያለ ጓደኛ ካላችሁ ሼር አድርጉለት። አማርኛ ፋይል አስቸግሯችሁ የሚያውቅ ካላችሁ፣ የቱ ቨርዥንና የቱ ዊንዶውስ እንደነበር ኮመንት ላይ ጻፉልን።